ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የነርስነት ሕይወታቸውና ደህንነቱ የተጠበቀ የመድኃኒት አሰጣጥ

በጤና ተቋማት ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ወደ ታካሚው የሚደርሰው በአብዛኛው በነርስ እጅ ነው። በአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም አዛውንትም ሆነ በበቆጂ ሕፃኗን አዝላ ለሕክምና የመጣች እናት በመጨረሻ የሚተማመኑት ስማቸውን ጠይቆ፣ መድኃኒቱን ለክቶ በሚሰጣቸው ባለሙያ ነው። ይህ እምነት የሚጸናው በሥልጠና፣ በፈተናና በምዝገባ መሆኑን ከሚያሳዩ የአገራችን ታሪኮች አንዱ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት ነው። ይህ ጽሑፍ የልዕልቲቱን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ያቀርባል፤ በየምዕራፉም የነርስ ተማሪዎችና የጤና አገልግሎት ፈላጊዎች ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ሊያውቁ የሚገባቸውን ነጥቦች ያመለክታል።

ትውልድና የጦርነቱ ዘመን

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩትና በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ መኮንን ሲሆኑ፣ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን የመሳሰሉ በጣት የሚቆጠሩ ዘመናዊ የሕክምና ተቋማት ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ነርሶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልቲቱ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ከወረራው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. ነበር። ልዕልት ፀሐይም ከእናታቸውና ከሌሎች ወይዛዝርት ጋር በመሆን ለዘማቹ የቁስል ማሰሪያና ልብስ በሚያዘጋጀው የሴቶች የበጎ አድራጎት ሥራ ተሰማርተው ነበር። ወራሪው ጦር የመርዝ ጋዝ በተጠቀመበት በዚያ ጦርነት መድኃኒቱም፣ መድኃኒቱን መስጠት የሚችለው የሠለጠነ ሰውም እጅግ ጥቂት ነበር። ብዙ በጎ ፈቃደኛ እያለ ጥቂት ባለሙያ ብቻ መኖሩ በኋላ ልዕልቲቱ ለመረጡት ሙያ ዋና ምክንያት ሆኖ ይታያል።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ ልዕልት ፀሐይም አብረው ተሰደዱ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በተባለው ቤት ተቀመጠ። ልዕልቲቱ እንግሊዝኛ ቋንቋ ያውቁ ስለነበር የአገራቸውን ጉዳይ በውጭ አገር ለማስረዳት በሚደረገው ጥረት አባታቸውን በአስተርጓሚነት አገልግለዋል።

በለንደን የነርስነት ሥልጠና

ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመናቸው በለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሥልጠና ጀመሩ። በእንግሊዝ አገር ነርሶች በሕግ እንዲመዘገቡ የሚያዝዘው አዋጅ የወጣው ልዕልቲቱ በተወለዱበት በ1912 ዓ.ም. ነበር። በአዋጁ መሠረት አንድ ሰው በተመዘገበ ነርስነት ለመታወቅ የተወሰነ ጊዜ መሠልጠንና የመንግሥት ፈተና ማለፍ ነበረበት። የንጉሥ ልጅ መሆን ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ሥልጠናቸውን አጠናቀው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ። በዚህም በዘመናዊ የነርስነት ሙያ ሠልጥነው በውጭ አገር ከተመዘገቡ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዷ ለመሆን በቅተዋል።

የሕፃናት ሕክምና በመድኃኒት ልኬት ረገድ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መስክ ነው። ለአዋቂ ሰው ልዩነት የማያመጣ ትንሽ ጭማሪ ለሕፃን ጉዳት ሊሆን ይችላል። በልዕልቲቱ የሥልጠና ዘመን ደግሞ በብሪታንያ የመድኃኒት ልኬት እንደ ዛሬው በሚሊግራምና በሚሊሊትር ብቻ አይነገርም ነበር። ግሬይን፣ ድራክምና ሚኒም የተባሉ የጥንት ቀማሚዎች መለኪያዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ። አንድ ግሬይን 65 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ 60 ሚኒም አንድ የፈሳሽ ድራክም ይሆናል። የዚያ ዘመን ነርስ በእነዚህ መለኪያዎች መካከል ሳትሳሳት ማስላት ይጠበቅባት ነበር።

ዘመኑ አዳዲስ መድኃኒቶች ወደ ሆስፒታሎች የሚገቡበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሰልፎናማይድ የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቀድሞ ገዳይ የነበሩ ኢንፌክሽኖችን ማዳን ጀመሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ከእነዚሁ መድኃኒቶች አንዱ ዳይኢትሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ ተበጥብጦ በመሸጡ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። በዚህ ምክንያት በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደህንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። አደጋው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ከሕፃናት ሞት ጋር በተያያዘ በዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር ስለተበከሉ ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ፈዋሽ የሆነ መድኃኒት በአዘገጃጀት ወይም በአሰጣጥ ጉድለት ጎጂ ሊሆን እንደሚችል ሁለቱም ክስተቶች ያስረዳሉ።

ልዕልት ፀሐይ በሕፃናት ነርስነት ከተመዘገቡ በኋላ ጠቅላላ የነርስነት ሙያ ለመማር በለንደን ወደሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ተዛወሩ። ይህ የሆነው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተቀሰቀሰበት ወቅት ነበር።

ከዚያ ሥልጠና እስከ ዛሬው የነርስ ትምህርት

ልዕልቲቱ የሠለጠኑበት የመለኪያ ዓይነት ዛሬ ቢቀየርም የሙያው መሠረት አልተለወጠም። ማንኛውም የነርስ ተማሪ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ አምስቱ የመድኃኒት አሰጣጥ መመዘኛዎች ናቸው። እነዚህም ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ወዲያውኑ በቅጹ ላይ መመዝገብም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው።

ትክክለኛውን ታካሚ ለመለየት የታካሚውን ስም ብቻ መጥራት በቂ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ። ስለሆነም ነርሱ ታካሚው ሙሉ ስሙን እስከ አያት ድረስ ራሱ እንዲናገር ይጠይቃል፤ ከካርድ ቁጥሩም ጋር ያመሳክራል። ስም ላልወጣለት አራስ ሕፃን የእናቱ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር መለያ ይሆናል።

የሕፃናት መድኃኒት መጠን በአብዛኛው የሚሰላው በክብደት በመሆኑ ሕፃኑን በዕለቱ መመዘን ያስፈልጋል። ለምሳሌ 8 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ ግራም 15 ሚሊግራም ቢታዘዝ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 120 ሚሊግራም ይሆናል። በየ5 ሚሊሊትሩ 120 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ 5 ሚሊሊትር ይበቃል። ነገር ግን በገበያ ላይ በየ5 ሚሊሊትሩ 250 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕም አለ። ከዚህኛው ያንኑ 5 ሚሊሊትር መስጠት ከታዘዘው መጠን ከእጥፍ በላይ መስጠት ነው። በመሆኑም ማዘዣው ሚሊሊትርን ብቻ ሳይሆን ሚሊግራምንም ማመልከት አለበት፤ ነርሱም የብልቃጡን ጽሑፍ ሲያነሣ፣ ሲቀዳና ወደ ቦታው ሲመልስ ማንበብ ይኖርበታል።

የነጥብ አጻጻፍም ሕይወት የሚወስን ጉዳይ ነው። 5.0 ተብሎ የተጻፈ መጠን ነጥቡ ካልታየ 50 ሆኖ ይነበባል። ከነጥብ በፊት ዜሮ ሳይጻፍ .5 የተባለም እንዲሁ 5 ሊመስል ይችላል። ስለዚህ 5 እና 0.5 ተብሎ መጻፍ አለበት። ማዘዣው ካልተነበበ ወይም ካጠራጠረ ነርሱ ገምቶ አይሰጥም፤ ያዘዘውን ሐኪም ይጠይቃል። መጠየቅ የእውቀት ማነስ ምልክት ሳይሆን የሙያው ግዴታ ነው። ኢንሱሊን፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ የመሳሰሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች ሲሰጡ ደግሞ ሁለተኛ ባለሙያ ስሌቱን ለብቻው አስልቶ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ወደ አገር መመለስና ኅልፈት

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነፃነቷን ስትቀዳጅ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዓላማቸው በለንደን የቀሰሙትን ሙያ ለወገናቸው ማዋል ነበር። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል፣ አቢይ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወደ ወለጋ ሄዱ። ሆኖም ከጋብቻቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የጤና እክል በለቀምት፣ በዛሬዋ ነቀምት ከተማ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር።

አገሪቱ እጅግ በሚያስፈልጓት ጊዜ ከነበሯት ጥቂት የሠለጠኑ ነርሶች አንዷን ያጣችው እናቶችን በብዛት ይቀጥፍ በነበረ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ከዋና ከተማው ርቃ ለምትገኝ ነፍሰ ጡር፣ የቤተ መንግሥት ልጅም ብትሆን፣ አስተማማኝ ሕክምና በአቅራቢያ አይገኝም ነበር። ፔኒሲሊን ገና በሰፊው አልተሠራጨም። ዛሬ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን ለመከላከል በዋናነት የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም በቤተ ሙከራ መሠራት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

ዛሬ ይህ መድኃኒት አለ። ሆኖም መኖሩ ብቻ እናቶችን አያድንም። ኦክሲቶሲን ኃይሉን እንዳያጣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሕፃኑ እንደተወለደ 10 ዩኒት ለእናቲቱ በወቅቱ መሰጠት ይኖርበታል። ከመሰጠቱ በፊት ግን ማሕፀን ውስጥ የቀረ ሌላ መንታ ሕፃን አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ሙቀት ያበላሸው መድኃኒት በመልኩ ከደህናው አይለይም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ደሙ አልቆም ሲል ነው። የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየዕለቱ ለክቶ መመዝገብ ተራ ሥራ ቢመስልም የእናት ሕይወት የሚጠበቅበት ተግባር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመታሰቢያው ሆስፒታል

ልዕልቲቱ ካረፉ በኋላ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ተጀመረ። በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም የነበሩት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሆስፒታሉ ሕሙማንን ከማከም ጎን ለጎን ነርሶችን ያሠለጥን ስለነበር የልዕልቲቱ ዓላማ በሌሎች ወጣቶች እጅ ቀጠለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። በወሊድ ምክንያት ለሚደርስ ፌስቱላ የሚያገለግለውን የአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙትም እዚያ በሠሩባቸው ዓመታት ከተመለከቱት የእናቶች ችግር ተነሥተው ነው። የመታሰቢያው ሆስፒታል ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል።

በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች

ልዕልቲቱ ለመማር ወደ ለንደን መሄድ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዛሬ በአርሲ የሚኖር ወጣት ከአካባቢው ሳይርቅ በአሰላ በሚገኘው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የጤና ሙያ መማር ይችላል። ተመራቂዎች ከሚያገለግሏቸው አካባቢዎች አንዷ በአትሌቶቿ የምትታወቀው በቆጂ ናት።

በእንዲህ ያለው አካባቢ ሦስት ነገሮች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የአየር ጠባይ ነው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ መድኃኒት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቀኑ ሙቀት ከ8 ዲግሪ ያልፋል፤ የውርጭ ሌሊት ደግሞ ኢንሱሊንና አንዳንድ ክትባቶችን ሊያቀዘቅዝና ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የአካባቢው ብርድ የሙቀት መለኪያ ያለውን ማቀዝቀዣ አይተካም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ብዙው ነዋሪ አፋን ኦሮሞ ይናገራል። መመሪያው ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረና ታካሚው የሰማውን መልሶ ካላስረዳ መድኃኒቱ ከቤት ሲደርስ በሌላ መንገድ ሊወሰድ ይችላል።

ሦስተኛው የጊዜ አቆጣጠር ነው። በየ8 ሰዓቱ የተባለው በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ሲሆን፣ በ8 ሰዓት ከተባለው ጋር ከተምታታ ታካሚው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊወስድ ይችላል። በመድኃኒት ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በማሸጊያው ላይ 2026 የሚለውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ብዙ ዓመት የሚቆይ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከመድኃኒት አጠቃቀም የሚመጣ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ሲጀምር ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሥራው ተካፋይ እንዲሆኑ ጠይቋል። በዚህም መሠረት ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል።

1. መድኃኒት ከመቀበልዎ በፊት ሙሉ ስምዎን እስከ አያት ይናገሩ። በሌላ ሰው ስም ከተጠሩ ወዲያውኑ ያስታውቁ።

2. የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደታዘዘ፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ይጠይቁ። የተነገረዎትንም መልሰው ለባለሙያው ያስረዱ።

3. አስቀድሞ መድኃኒት ያስቆጣዎት ወይም ሽፍታ ያስወጣብዎት እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ ኮሶን፣ ዳማከሴንና ሌሎች ባህላዊ መድኃኒቶችን ጭምር፣ አይደብቁ።

4. የሕፃን ሽሮፕ በቤት ማንኪያ አይለኩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጠው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። ለአንድ ልጅ የታዘዘውን ለሌላው አይስጡ።

5. በዱቄት መልክ ተሰጥቶ በውኃ የሚበጠበጥ ሽሮፕ ከሆነ በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ የት እንደሚቀመጥና ከተበጠበጠ በኋላ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ይረዱ። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ።

6. መድኃኒት ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይግዙ። የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያውን ሲያነቡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያስታውሱ።

7. መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ሽፍታ፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም ይሂዱ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይቅረቡ።

መድኃኒት ያስከተለውን ያልተጠበቀ ጉዳት ወይም የጥራት ጉድለት ለጤና ባለሙያ፣ እንዲሁም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይቻላል። የጥቆማው ዓላማ በአንድ ታካሚ ላይ የደረሰው ጉዳት በሌላው እንዳይደገም ማድረግ ነው። የነርስ ተማሪዎችም በተግባር ልምምድ ወቅት ስሕተት ወይም ለስሕተት የቀረበ ክስተት ሲያጋጥማቸው ሳይደብቁ ወዲያውኑ ለተቆጣጣሪያቸው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ወዲያው የተነገረ ስሕተት ታካሚውን ለማዳን ጊዜ ይሰጣል።